ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቀውን ሰው ፖሊስ ካልለቀቀ

ጥያቄው፦ «ዱባይ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ከታሰረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤቱ በ30 ሺህ ብር ዋስ እንዲወጣ አዘዘ። ብሩን ላክሁ፣ ቤተሰብ ከፈለ። የመፍቻ ትዕዛዙን ይዘው ጣቢያ ሲሄዱ ‹ይግባኝ ጠይቀናል› ተባሉ። በማግስቱ ደግሞ ‹በሌላ ወንጀል ይፈለጋል› ተብሎ ወደ ሌላ ጣቢያ ተወሰደ። እናቴ ስንቅ ይዛ በሁለት ጣቢያ መሃል ትንከራተታለች። ዳኛውም ከእነሱ ጋር ነው፣ ብራችሁን በልተው ነው የቀሩት ይሉኛል። አንድ ጉዳይ ገዳይ በ150 ሺህ ብር አስወጣዋለሁ ብሏል። ለመሆኑ ሕግ አለ? ካለስ በምን አምነዋለሁ?»

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው የዋስትና ትዕዛዙ ነው። ሁለተኛው ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ «ይግባኝ ጠይቀናል» ተብሎ ያደረበት ሌሊት ነው። ሦስተኛው «በሌላ ወንጀል» የተባለው አዲስ እስር ነው። ቤተሰብ ሦስቱንም «አልለቁትም» ብሎ ይጠቀልላቸዋል። የእያንዳንዳቸው መፍትሔ ግን ለየብቻ ነው። ሳይነጣጠሉ ሲቀሩ የሚጠቀመው ጣቢያው ነው፤ ሦስት ጥያቄ ከመመለስ አንዱን ማድበስበስ ይቀላልና።

ከብሩ ልጀምር። የዋስትና ገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ መያዣ ነው። ወንድምዎ በተጠራ ቁጥር ከቀረበ መዝገቡ ሲዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል። የሚወረሰው ከጠፋ ነው። ገቢ የሚሆነውም በፍርድ ቤት በኩል እንጂ ለጣቢያ አይደለም። ስለዚህ «በልተው ቀሩ» የሚለው ትክክል አይደለም። ደረሰኙ ግን የግድ እጃችሁ ላይ መኖር አለበት። ያለ ደረሰኝ በሰው እጅ የተሰጠ ብር ካለ፣ እሱ ዋስትና ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰብዎን አሁኑኑ ደውለው ይጠይቁ።

ዳኛው ከእነሱ ጋር ነው መባሉም አያስኬድም። ከእነሱ ጋር ቢሆን ኖሮ ዋስትናውን ይከለክል ነበር፤ ለመከልከል ደግሞ ሰበብ አይጠፋም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በአንቀጽ 67 ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። ተጠርጣሪው ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም ተብሎ ከታሰበ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከተገመተ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከተሰጋ ዋስትና ሊከለከል ይችላል። ሰፋፊ በሮች ናቸው። ዳኛው በአንዳቸውም አልወጣባቸውም፤ ይለቀቅ ብሏል። የእሱ ጥፋት ካለ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ዳኞች ትዕዛዙን ከፈረሙ በኋላ ይፈጸም አይፈጸም አይከታተሉም። ቀጣዩን መዝገብ ይጠራሉ። እዚህ ላይ ቢያማርሩ እውነት አለዎት።

«ይግባኝ ጠይቀናል» የሚለው አባባል ጣቢያ በር ላይ ትልቅ ጉልበት አለው። በሕግ ዓይን ግን ብቻውን ምንም አይደለም። ይግባኝ ስለተባለ ብቻ ትዕዛዝ አይታገድም። የሚያግደው የበላይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው እግድ ነው፤ እሱም በጽሑፍ፣ ከነመዝገብ ቁጥሩና ከነማኅተሙ። ቤተሰብ ጣቢያውን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እግዱ የታለ?» ካለ ቁጥሩን ይዞ ወደ ይግባኝ ችሎቱ መሄድ ነው። ከሌለ፣ የመፍቻ ትዕዛዙ ጣቢያ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ወንድምዎ የታሰረው ያለ ሕግ ነው። የሚገርመው፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 የይግባኝ መንገድ ያበጀው ዋስትና ለተነፈገው ሰው ነው፤ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበል ይላል። ዋስትና ተፈቀደ ብሎ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ስለሚልበት ሁኔታ አንቀጹ አያነሳም። በአሠራር ግን ገብቶ ተለምዷል። ጠበቆች ዛሬም እንከራከርበታለን። ክርክሩ ግን የእርስዎን ወንድም ዛሬ ማታ አያስወጣውም፤ ስለዚህ ልለፈው።

አዲሱ እስር ሌላ ጉዳይ ነው። ደስ ባይልዎትም ልንገርዎ። በዋስ የተለቀቀን ሰው በሌላ ወንጀል ጠርጥሮ መያዝ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ዋስትናው የሚሠራው ለዚያው ለአንዱ መዝገብ ነው። ነገር ግን አዲስ እስር ነው ከተባለ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ከቆጠራው የሚያወጣው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደውን ጊዜ ብቻ ነው። በዓል ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ መርማሪው መስክ ወጥቷል የሚሉት ሰበቦች ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሉም።

ቤተሰብ ዘወትር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ጣቢያ ወንድምዎን ሲያቀርበው ሌላ ችሎት፣ ሌላ ዳኛ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ያ ዳኛ ስለ አሮጌው መዝገብ አያውቅም። ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ፖሊስ አይነግረውም። የጊዜ ቀጠሮ ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው «ተጠርጣሪውን ትናንት ይዘናል፣ ምርመራ አልጨረስንም፣ 14 ቀን ይሰጠን» የሚል ነው። ዳኛው ያንኑ አይቶ ይፈቅዳል። ሕጉ ለአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ቁርጥ ያለ ገደብ አላበጀም። ሕገ መንግሥቱ በበኩሉ ለምርመራው በጣም አስፈላጊ ለሆነው ጊዜ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ጠበቃው፣ ጠበቃ ከሌለም ራሱ ወንድምዎ፣ አፉን እንደከፈተ መናገር ያለበት ይህንን ነው፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚህ መዝገብ ቁጥር፣ በዚህ ቀን ዋስትና ተፈቅዶልኝ አልተለቀቅሁም።» የትዕዛዙ ግልባጭ እዚያው ይቅረብ። «ሌላ ወንጀል» የተባለው ያው የመጀመሪያው ድርጊት ስሙ ተቀይሮ የመጣ ከሆነ በቀን፣ በቦታና በሰው ይታወቃል። ችሎት ውስጥ ሁለቱ የምርመራ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ ፊታቸው የሚለዋወጥ መርማሪዎች አይቻለሁ።

ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ለቀቋቸው። ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ተያዙ። ወዲያው የተወካዮች ምክር ቤት የሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጣ። ስዬ ከእስር የወጡት ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዳኛዋ ኋላ ወደ ፖለቲካ ገብተው ራሳቸው ታሰሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ይህን የማነሳው የስዬን ጥፋተኝነት ወይም ንጽሕና ለመፍረድ አይደለም። በዚያ ሳምንት ምን እንደተማርን ለማሳየት ነው። ምክር ቤት ሕግ መለወጥ ይችላል፤ መጥፎ ሕግም ቢሆን በአደባባይ ወጥቶ ይተቻል፣ ኋላም ይሻሻላል። የሙስና ዋስትናውም ቆይቶ ተሻሽሏል። የባሰው የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሆነው ነው። የዳኛ ፊርማ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ አገር አየ። ለዚያ ድርጊት በስሙ ተጠርቶ የተጠየቀ ሰው ግን አላየም። ያንን ያየ የጣቢያ አዛዥ የሥልጠና ማኑዋል አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተቀይሯል፤ ማዕከላዊ በ2010 ተዘግቷል፤ የፍርድ ቤቶች አዋጅ በ2013 እንደ አዲስ ወጥቷል፤ በ2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። ትንሽ ነገር ናቸው አልልም። ማዕከላዊ ውስጥ ያለፉ ሰዎች የመዘጋቱን ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባለፉት ዓመታት ባወጣቸው መግለጫዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶላቸው ያልተለቀቁ ሰዎችን ጉዳይ በተደጋጋሚ አንስቷል። ስለዚህ የእርስዎ ወንድም ጉዳይ ብቻውን የቆመ ልዩ አጋጣሚ አይደለም።

ለምን ይደጋገማል? ብዙ ሰው «ክፉ ስለሆኑ» ብሎ ይጨርሰዋል። እኔ ክፋቱን አልክድም፤ ግን ክፋት ብቻውን ይህን ያህል ወጥ ሆኖ አይሠራም። አንደኛው ምክንያት አስሮ የመመርመር ልማድ ነው። ማስረጃ ተሰብስቦ ሰው መያዝ ሲገባው ሰው ተይዞ ማስረጃ ይፈለጋል። እንዲህ ለሚሠራ መርማሪ ዋስትና ማለት መዝገቡ ከእጁ ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው የዕዝ ጉዳይ ነው። የጣቢያ አዛዥ አለቃውን ባይታዘዝ ወንበሩን ያጣል። ዳኛውን ባይታዘዝስ? አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ማናችንም በእሱ ቦታ ብንሆን የቱን ስልክ ቀድመን እንደምናነሳ ግልጽ ነው። ሦስተኛው፣ ፍርድ ቤት የራሱ ክንድ የለውም። ትዕዛዙን የሚያስፈጽምለት ፖሊስ ነው፤ ትዕዛዙን ያልፈጸመውም ያው ፖሊስ ነው። እንዲህ ሲሆን የመፍቻ ትዕዛዝ በቂ ስንቅ እንደሌለው ቼክ ይሆናል። ፊርማው ትክክል ነው፣ ማኅተሙ ትክክል ነው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን አይመነዘርም።

አራተኛው ምክንያት እኛ ነን፤ ይህን ስል ይቅር ይበሉኝ። ለጉዳይ ገዳዩ የሚከፈለው 150 ሺህ ብር የወንድምዎ መውጫ ብቻ አይደለም። ለሚቀጥለው እስረኛ የተቆረጠ ዋጋ ነው። ትዕዛዝን አለመፈጸም ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ማን ይፈጽማል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። በምን አምነዋለሁ ብለዋል። አያምኑት። ከልቤ ነው። መንግሥትን ማመን የዜጋ ግዴታ ነው የሚል አንቀጽ የትም አላነበብሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የሚለው የተገላቢጦሹን ነው፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተጠያቂ ይሁን። አንቀጽ 19 የተጻፈውም ፖሊስን ለሚያምን ሰው አይደለም። ፖሊስን የሚያምን ሰው 48 ሰዓት ብሎ ሰዓት አይቆጥርም። ዋስትና፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ ይግባኝ የተባሉት ሁሉ ሥልጣን የያዘ ሰው ያጠፋ ይሆናል ብለው የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ እነሱን ለመጠቀም እምነት አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው ጉዳዩን በወረቀት ላይ ማስፈርና አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው። እምነት ከመጣ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በመግለጫና በኮንፈረንስ ሲመጣ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው እርምጃ ዋስትናውን ወደሰጠው ችሎት መመለስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ «ዳኛው ሥራውን ጨርሷል» ይላል። አልጨረሰም። አጭር ማመልከቻ ይጻፍ። ትዕዛዙ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ለዚህ ጣቢያ ደርሷል፣ አልተፈጸመም፣ የጣቢያው ኃላፊ ቀርበው ያስረዱ የሚል። ትዕዛዙን የተረከበው ሰው ስምና ማዕረግ ቢገባበት ይመረጣል። እናትዎ ወይም ሌላ ዘመድ ጣቢያ ሲሄዱ ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ሁለተኛው ሰው ምስክር ነው። ጣቢያው አልቀበልም ካለ፣ አልቀበልም ያለውን ሰውና ሰዓቱን ይጻፉ። ፍርድ ቤት «አዛዡ ይቅረብ» ብሎ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ከቀጠሮው በፊት ሰው ይለቀቃል። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ችሎት ቆሞ ምክንያት ማስረዳት የሚፈልግ የለም።

ይህ በአንድ ሁለት ቀን ካልሠራ፣ ወይም ወንድምዎ የት እንዳለ በትክክል ካልታወቀ፣ ዋናው መሣሪያ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። ብዙ ሰው የወንጀል ክርክር ይመስለዋል። የሚገኘው ግን በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው፤ ከአንቀጽ 177 እስከ 179። ሦስት አጫጭር አንቀጾች ናቸው፣ ግን የሚያዙት ከባድ ነገር ነው። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል። ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደተያዘ፣ ይህን የሚያውቁ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ይገለጻል። እስረኛው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ይምላል። እናትዎ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ሳይዘገይ ያሰረውን አካል ይጠራል፤ «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ» ይለዋል። እስሩ ሕጋዊ ካልሆነ ወዲያው ይለቀቅ ብሎ ያዛል። የ1958ቱ ሕግ አቤቱታው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬ የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው።

እርስዎ ዱባይ ሆነው የውክልና ወረቀት በቆንስላ በኩል ለመላክ አይጨነቁ። ለዚህ አቤቱታ የሚያስፈልገው ጉዳዩን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ አለ። እርስዎ የሚጠቅሙት ጠበቃ በመክፈል ነው። ካልተቻለም በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያካሂዷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቤቱታ ይጽፋሉ። የጉዳይ ገዳዩን ገንዘብ ሲሶ ለጠበቃ ቢከፍሉ ይሻላል። ምክሬ ይህ ነው፣ ሌላ አማራጭ አልደረድርም። በአንድ እጅ ለችሎቱ ማመልከቻ፣ በሌላው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ለጉዳይ ገዳዩ ግን አንድ ሳንቲም አይሰጠውም።

ይህን የምለው ለሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። ጉቦ ሰጪም በሙስና ወንጀል ይጠየቃል። ዛሬ ቀላል በሆነ ጉዳይ የተያዘ ወንድም ነገ «ሌላ ወንጀል» እውነተኛ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል። ደግሞም ጉዳይ ገዳዩ ብዙ ጊዜ የሚሸጥልዎት ሊሆን የቀረበን ነገር ነው። የ14 ቀኑ ቀጠሮ ሲያልቅ ወንድምዎ በራሱ ይወጣል፤ ጉዳይ ገዳዩ ግን ለእናትዎ «አየሽ?» ይላል።

ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤት ማለት ይቻላል፤ ነጻ ነው። ኮሚሽኑ ሳያስታውቅ ጣቢያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። የመፍታት ሥልጣን ግን የለውም፤ ምክርና መግለጫ ነው የሚሰጠው። ሰው የት እንዳለ ሲጠፋ ግን ከማንም በላይ ይጠቅማል። ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አይሂዱ፤ እሱ የሚያየው የአስተዳደር በደልን ነው፣ ጊዜዎን ይፈጅብዎታል። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ መጮኽን በተመለከተ አልከለክልም። ግን በአቤቱታው ላይ ከተማለው ነገር የተለየ ቀን ወይም ቦታ እንዳይናገሩ። የተቀረጸ ነገር ችሎት ይመጣል።

ይህ መንገድ የማይደርስበትም ቦታ አለ። ትልቁ እንቅፋት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት መካከል አንቀጽ 18ን፣ ማለትም ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅን ጠቅሷል፤ አንቀጽ 19ን ግን አላካተተም። ስለዚህ አዋጅ በታወጀበት ወቅት «በአዋጁ ነው የያዝነው» የሚል መልስ ብዙ አቤቱታዎችን ያቆማል። በነሐሴ 2015 ምክር ቤቱ ያጸደቀውና በጥር 2016 ለአራት ወር የተራዘመው አዋጅ ጊዜ ይህን ብዙ ቤተሰብ ቀምሶታል። ሕገ መንግሥቱ ለዚያ ጊዜ ያስቀመጠው መርማሪ ቦርድ ነው፤ የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ከችሎት ጋር የሚወዳደር ግን አይደለም። አዋጅ በሌለበት ጊዜ ይህን መልስ የሚሰጥ ጣቢያ ካለ ግን አዋጁን በቁጥር ይጥቀስ በሉት።

ሌላው እንቅፋት ጊዜ ነው። አቤቱታው ቀርቦ አዛዡ እስኪመጣ ፖሊስ ከሌላ ችሎት የጊዜ ቀጠሮ ይቀበልና «አሁንማ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው ያለው» ይላል። ያኔ ብዙ ዳኞች መዝገቡን ይዘጋሉ። ለዚህ ነው ሁለቱንም ችሎት በአንድ ጊዜ አሳውቁ የምለው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተወሰደ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። የፌዴራል ችሎት ለክልል ፖሊስ የሚጽፈው ደብዳቤ መልሱ ይዘገያል። እዚያው ክልል ያለ ጠበቃ ወዲያው መያዝ ነው፤ ስልክ በመደወል የሚያልቅ ነገር የለም።

ከወጣ በኋላስ? አብዛኛው ሰው ያመሰግንና ዝም ይላል። ሰውን ያለ ሕግ የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ይጠየቃል። ተፈጻሚነቱ የሚወሰነው ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት ባለው ፍላጎት ስለሆነ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። በፍትሐ ብሔር ግን ቁልፉ በወንድምዎ እጅ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሠ ነገሥቱን ከተጠያቂነት ቢያወጣቸውም መንግሥትን ግን አላወጣም። አንቀጽ 2126 ላይ፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ባጠፋው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ ይቻላል፤ መንግሥት ደግሞ ከፍሎ ከአጥፊው መልሶ ይጠይቃል። ካሣው ብዙ ላይሆን ይችላል። ግን ያ ክስ የአዛዡን ስም ለሁለተኛ ጊዜ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል።

ይህ ክስ የጊዜ ገደብ አለው፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት። የመፍቻ ትዕዛዙ የተረጋገጠ ግልባጭ፣ የዋስትና ደረሰኙ፣ ለችሎቱ የገባው ማመልከቻ፣ ጣቢያ የተሄደበት ቀንና የተጠየቀው ሰው ስም ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ዋናው እናትዎ ዘንድ፣ ፎቶው እርስዎ ስልክ ላይ ይሁን።